ለእህቴ ልጅ፣ ስለ ስኳድራው

ደብዳቤህ ደረሰኝ፣ ይበልጣል የእህቴ ልጅ፣
በባሕር ዳር አውቶቡስ፣ በረዳቱ እጅ።
መነጽሬ ሰባራ፣ ጽሕፈትህም ደቂቅ ነው፣
የጎረቤት ተማሪ ጮክ ብሎ አነበበው፤
"ፍሪሜሰን" ካለው ሲደርስ ቆም አለና
ዞር ብሎ አየኝ ልጁ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቀጠለ እንደገና።

"አጎቴ ግንበኛ ነው፣ ይህን አያጣውም" አልህ?
ድንጋይ ነው የማውቀው፤ ምኑን ልንገርህ?
የእኔ ስኳድራ ጠርዙ የተበላ ብረት፣
ቱንቢዬም እርሳስ ነው፣ ሲባጎ ያለበት፤
በደረት አይለጠፍ፣ በወርቅ አይለበጥ፣
ግንብ ሲዘም ያያል፣ ባለቤት አይመርጥ።

ሞጣ የሚወራውን ታውቀዋለህ አንተም፦
"ሰይጣን ነው አለቃቸው፣ ሀብቱም በደም።"
ያላየሁትን ነገር አይቻለሁ አልልም፤
ጠላ ያናገረው ለሸንጎ አይሆንም።

የእኔ ፍርሃት ሌላ ነው፤ ቀለል ያለ፣ ተራ፦
ማን ጠራህ? ለምን ጠራህ? ምን አየ ካንተ ጋራ?
"ወንድሜ" የሚልህ ስንት ዘመን ያውቅሃል?
ሳትዘራ ማጨድን ተስፋ ሰጥቶሃል?
መኪናና ሹመት ከሆነ ልብህ የቆመበት፣
ወንድም አታብዛ፣ በዚያው ብር ሎተሪ ቁረጥበት።

መዋጮውን ጠይቅ። አትፈር፤ "በብር ስንት?" በል፤
እኛ እንኳን ዕድር ስንገባ ደንቡ ይነበባል።
የሚነበብ ካለ፣ ከመሐላህ በፊት
አንብበው በቀን ብርሃን፣ ሚስትህ ባለችበት፤
ለእሷ የማይነገር ከሆነማ ቃሉ፣
ረግረግ ላይ ነው መሠረቱ፤ ይሰምጣል ድንጋዩ ሁሉ።
መውጫውንም ጠይቅ። መግቢያ መች ይጠባል?
የጓሮ በር የሌለው ቤት፣ ሲነድ ማን ይተርፋል?

ልጅ ሆኜ ሄጄ ነበር አያ እንዳላማው ዘንድ፣
"ምሥጢሩን ንገረኝ" ስል፣ "በል ውረድ" አለኝ "ከጉድጓድ"።
ሁለት ክረምት ሙሉ ኖራ አቦካሁለት፣
በሦስተኛው ጠርቶ አንድ ድንጋይ አሳየኝ፣ የመሠረት፤
"አፈር ሊለብስ ነው፣ ማንም አያየው" አለ፣
"አስተካክለህ ጥረበው።"
                ሌላ ምሥጢር የለ።

ግን አንድ ነገር ጻፍህ፣ እሱ ነው የያዘኝ፦
"ዓይን ያስራሉ" አልህ፣ "ገመድም..." እዚያ ላይ ልቤን ነካኝ።
ገመድ እኔም አውቃለሁ።
                በሰባ ዘጠኝ ክረምት፣
ሰባራ ድልድይ አፋፍ፣ ዓባይ እያገሳበት፤
እስቴ ግንብ ላይ ሳለሁ "እህትህ አማጠች" ብለው፣
ካዞላዬን ጥዬ፣ ሌሊቱን ገስግሼ ስደርስ ድልድዩ ያው ነው፤
መሐሉ የለም።
          ከማዶ ገመድ ወረወሩልኝ፤
ከወገቤ አሰርሁት፣ ዓይኔን ራሴ ጨፈንሁ፣ "ሳቡ" አልሁ። ሳቡኝ።
ስምንት ሰዎች ናቸው፤ እግሬ ታች ተንጠልጥሎ
አንዱም አልጠየቀኝ "የማን ወገን ነህ?" ብሎ፤
የጣት ምልክት የለም፣ የመጨባበጥ ስልት፣
መዳፍ ብቻ ነበር፣ ገመድ የላጠበት።
አንዱ ሲያወርደኝ ሳቀ፦ "ከበድህ እኮ፣ ወንድሜ።"
ስሙን ሳልጠይቀው አለፍሁ፣ ስቸኩል ወደ ደሜ።
ሞጣ ስገባ ተወልደህ፦
ቀይ፣ ጯሂ፣ ጸጉራም።

አትግባ አልልህም፤ ሸበት ጀምሮሃል፤
ደጎች ይሆናሉ፤ ማን ያውቅልሃል?
ብቻ ሲጨብጡህ ምልክቱን ተወው፣
መዳፉን ዳስሰው፤ ገመድ ያውቃል? ያ ነው።

ሌላው ሁሉ ደህና። ውሃ ልኬ ተሰበረ፤
ስትመጣ አንድ ግዛልኝ፤ የሞጣው ጠማማ ነበረ።

                አጎትህ ልየው