ያልተራገፈ ኪስ

በጥር ወር ትሮምሶ ፀሐይ አትወጣም፣
ቀትርና ሌሊት በመልክ አይለይም።
መስኮቱ ያው ጥቁር፣ ባሕሩም ያው ጥቁር፣
ከወደቡ ማዶ አንድ መብራት ሲዞር።

እዚህ ነው የምሠራ፣ ከትንበያው ክፍል፣
ማሽን ሲያንኮራፋ ሌሊቱን ስከተል።
ነፋሱ ስንት ነው፣ ማዕበሉስ መቼ ነው
ብሎ ለሚጠይቅ፣ ጀልባ ለሚነዳው።

ካርታውን የሚሥለው በኔ ስም አይደለም፤
ሌላ ስም አለለት፣ ደመወዝ የሌለው፣ የማያውቅ እንቅልፍም።
"ነፋስ" ይሉታል፤ ተጠቃሚ ነው፣ ሰው ግን አይደለም።
የራሱ ቤት አለው፣ የራሱ ማህደር፣
የራሱ መንገድ፣ የራሱ የሰዓት ቁጥር።

እኔም የራሴ አለኝ። እንደ ካፖርት ኪስ ነው፣
በገባሁ ቁጥር ማሽኑ የሚሞላው፦
ቤቴ የት እንደሆነ፣
ስሳሳት በምን ቋንቋ እንደምሰደብ፣
መሣሪያ ስፈልግ የቱን ጓዳ እንደማስስ፣
በየት አገር ፀሐይ ሰዓት እንደማነብ።

ይህ የመጨረሻው የቱሩን ነገር ነው።
ልጄ ናት። ዌሊንግተን ሄዳ ድልድይ ትለካለች፤
ስተኛ ትነሣለች፣ ስነሣ ትተኛለች።
አሁን ስንት ሰዓት ነው እያልኩ ጣት ስቆጥር ሰለቸኝና
አንድ መስመር ጻፍኩ፤
ተርሚናሌን ሁሉ በሷ ሰዓት አሰርኩ።
ማንን ይጎዳል? የኔ ነው ግድግዳው፤
የሰቀልኩት ሰዓት እኔን ነው የሚያየው።

ዐርብ ሌሊት ካርታው ሳይሣል ቆመ፤
አንድ ፋይል ታመመ፣
"ነፋስ" ከደጃፉ ወድቆ ተጋደመ።
ተነሥቼ ስሙን ለበስኩ፣
በሱ ጣት ጻፍኩ፣ በሱ ሥልጣን አዘዝኩ፤
ማሽኑ "ማን ነህ?" ሲል "ነፋስ" ብዬ መለስኩ።
አልዋሸሁም። ስሙም የሱ ነበር፣ ፈቃዱም የሱ፤
ኪሱ ግን የኔ ነበር፣ ሳላራግፈው የገባሁ ከነልብሱ።

ካርታው ተሣለ። ቆንጆ ነበር። ላክሁት፤
የንጋቱን ማዕበል በቱሩን ሰዓት።
ዐሥራ ሁለት ሰዓት፣ ልክ፣ ሳይዛነፍ፣
ቀትር በሌሊት ላይ እንደ ልብስ ሲታጠፍ።
ሌላ አገር ቢሆን ጀንበር ትመሰክር ነበር፤
እዚህ ግን ሌሊቱም፣ ቀትሩም ያው ጥቁር።

ስልኩ የጮኸው ጅቡ ካለፈ ነው።
አይለርት ነበር፣ ከስክየርቮይ፣
ድምፁን ጨው የበላው፤ "ሲኖቨ፣ አንቺ ነሽ ወይ?
ማዕበሉ ማታ ነው ብለሽ ጽፈሽ ነበር፤
እዚህ ደርሶ ቁርስ እየበላ ነው፣ ከጀልባዬ ዳር።"

የሞተ የለም።
መረቡን ቆርጦ ጥሎ፣ ሰውየው ተመለሰ፤
ከጀልባው ከንፈር ላይ ሦስት ጣት የሚያህል እንጨት ፈረሰ።

አስቢዮርን መጣ፣ በረዶ ከጫማው እያራገፈ፤
ለጡረታው ስድስት ሳምንት ነው የተረፈ።
አልተቆጣኝም። ያዘዝኩትን አነበበ፣
በፊደሎቹ መሃል ጣቱን አስኬደ፣ አሰበ፣
ከዚያ ባዶ ቦታ ላይ ጥፍሩን አሳረፈ።
"አንዲት ጭረት" አለ።
"ጭረቷ ስትኖር በበሩ ትገቢያለሽ፣
ካፖርትሽን ከደጅ ትሰቅያለሽ፣
የሰውየውን ቤት፣ የሰውየውን ሰዓት ታገኛለሽ።
ስትቀር ግን በመስኮት ነው፣ ከነጓዝሽ፣ ከነጭቃሽ፤
ደግሞ ማንም አይጠይቅሽ።"

ከቅንድብ ፀጉር ትቀጥናለች፤
ባለመኖሯ ግን መረብ ቆርጣለች።

ከዚያ ወዲህ ስም ስቀይር ጭረቷን አልረሳም።
ግን አንዳንዴ፣ ማሽኑ ዝም ሲል…
ለአይለርት ደውዬ "ይቅርታ" ያልኩ ለት
በትንበያው ቤት ስም ነበር የተናገርኩት፤
ድምፄን ያንቀጠቀጠው ግን
የትንበያው ቤት አልነበረም።

መስመሯን አላጠፋኋትም። እዚያው አለች፣
በራሴ ስም፣ በራሴ ኪስ ተቀምጣለች።
አሁን እዚህ ከሌሊቱ ስምንት ነው፤
እዚያ ከቀኑ ስምንት፣
ቱሩን ድልድይ ላይ ቆማ
እጇን በዓይኗ ላይ ጋርዳ፣ ከፀሐዩ ብርሃን።