ውሉ

ኦስትራቫ፣ ታኅሣሥ፤ ሰሌዳው ላይ አራት ሣጥን ስላ፣
«ሆዱን እንዳትከፍቱ» አለች መምህርት ቦሁሚላ፤
«የሰው ኮድ የሰው ጓዳ ነው፤ ደጁ ላይ ቆማችሁ ጠይቁ፣
የሚሰጠውን፣ የሚሻውን፣ ከበሩ ብቻ እወቁ።»

ራዶቫን የትራሙን ፌርማታ ያዘ፤
ኦቲሊየ ሰዓቱን።
አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሶኬት፣ አሥራ ሦስት ሳምንት፤
«ቻርጀሩን አቀብለኝ»፣
ከዚህ ያለፈ ቃል አልነበረም።

ለየብቻ ሲፈተን ሁሉም አረንጓዴ፣
ሲገጣጠም ግን
የመጀመሪያው ፌርማታ ከከተማው ጠፋ።
ትራሙ ከዴፖው ወጥቶ ሳይቆም አለፈው።

እሱ ከዜሮ ይቆጥራል፣ እሷ ከአንድ።
ሁለቱም ልክ ነበሩ፤
ልክና ልክ ሆነው ሳይነጋገሩ።

ቦሁሚላ አልተቆጣችም፤ መነጽሯን እየወለወለች፣
«ክሩስ ደህና ነው፤ የጠፋው ውሉ ነው» አለች።

ማታ፣ ዘበኛው ቁልፉን ሲያንቃጭል፣
ኦቲሊየ ወንበሯን ጎተተች፤
«አንተ ግን ከየት ነው የምትጀምረው?»
አውራ ጣቱን ዘረጋ፣ መልሶ አጠፈው፤
«ከባዶ» አላት።
ሳቀች።

በሁለቱ ኮድ መካከል አንዲት መስመር ገባች፤
ፌርማታውም ተመለሰ፣
በረዶ እንደለበሰ፣
ገና ማንም ሳይቆምበት።