ሀዲድ የነበረበት

ብስክሌቷን የገዛኋት ከሊሴ መምህር ነው፣
ኮንትራቱ አልቆ ዕቃውን ሲሸጥ አግኝቼው።
ደወሏ ዝጓል፤ ጎማዋ ሁለቴ ተለጥፏል፤
ሰውየው ግን ፈገግ ብሎ፣ «ብዙ አገር አይታለች» ብሏል።

ከኮርቻዋ ሥር ያለችውን የቆዳ ቦርሳ ስከፍት፣
የጎማ ማውለቂያ፣ ሁለት ብሎን፣ አንድ ካርታ አገኘሁባት፤
ስምንት ቦታ የታጠፈ፣ ማጠፊያው ላይ የተበላ፤
አንዱ ሰማያዊ መስመር ነው፣ አረንጓዴ ደግሞ ሌላ፤
ጎን ለጎን ይጥመዘመዛሉ፣ እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት፣
ሳይነካኩ፣ ሳይለያዩ፣ ወረቀቱ እስኪያልቅበት።

ፈረንሳይኛ አላውቅም።
የማውቀው ፎቶ ኮፒ ነው፦ ስታዲየም ሥር፣ ቁጥር አሥራ ሁለት፣
የመታወቂያ ፊትና ጀርባ፣ የልደት ምስክር ወረቀት።

ጋሽ አሰግደው ለገሃር፣ የጣቢያው አጥር ሥር ነው መቀመጫቸው፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ምድር ባቡር፣ ፈረንሳይኛ የሥራ ቋንቋቸው።
ዛሬም ሲናደዱ በሱ ነው፤ በአማርኛ ሲራገሙ አልሰማኋቸው።

መነጽራቸውን በኮት ጫፍ ጠርገው ካርታውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ፤
መንደር በመንደር፣ በጣታቸው፣ የአረንጓዴውን መስመር ፈለጉ።
«ሰማያዊው ቦይ ነው፤ ሰው የቆፈረው፤ ጀልባ የሚሄድበት።
ዳርና ዳሩ ዛፍ። መኪና አይገባም፤ አጭር ምሰሶ ተክለውበት።
እዚህ ጋ ድልድይ። እዚህ ዳቦ ቤት። እዚህ ውኃ ይጠጣል።
እዚህ...» ጣታቸው እሳት የነካ ያህል ከወረቀቱ ላይ ብድግ ይላል።
«ከዚህ ወዲያ ያለው አረንጓዴ፣ ድሮ የባቡር ሀዲድ ነበረ፤
ነቅለው፣ ጠጠር አልብሰው፣ ለብስክሌት ሰጡት፤ ጣቢያው ሻይ ቤት ሆኖ ቀረ።»

ዝም አልን። ከአጥሩ ማዶ፣ ከቆመው ፉርጎ ላይ ድመት ተኝታለች፤
ፀሐይ የቀረውን ቀለም እንደ ሽንኩርት ትልጣለች።
«የእኛ ሲነቀልስ» አሉ፣ «ማን ሄደበት? ፍየል።»

የወሩ መጨረሻ እሑድ፤ ፖሊስ ገመድ ወጥሯል፤
ከለገሃር እስከ ማዘጋጃ አስፋልቱ እርቃኑን ቀርቷል።
ልጆች በጠመኔ ይሥላሉ፤ አንድ ወፍራም ሰው ገመድ ይዘላል፤
የጎማዬ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ለራሴ ጆሮ ይሰማል፣
ስስስ የሚል፣ ዱቄት እንደሚነፋ ወንፊት።
ጋሽ አሰግደው የደንብ ኮፍያቸውን ደፍተው ቆመዋል፣ ከጣቢያው ፊት።
«ካርታውን ይዘሻል?»

እሳቸው ኮርቻው ላይ፣ እኔ መሪውን ይዤ፣ ዳገቱን ገፋን፤
ሰባ አራት ዓመት ከነካፖርታው ከባድ ነው፤ ሁለቴ ቆመን አረፍን።
ብሔራዊ ቴአትር ስንደርስ ደረታቸውን ነፍተው
የአንድ መንደር ስም ጮኹ፣ «የአምስት ደቂቃ ዕረፍት!» ብለው።
ፖስታ ቤቱ በር ላይ ሌላ መንደር። ጥቁር አንበሳ ጋ ድልድይ።
«ውኃው የት ነው?» ስላቸው፣ «በግራሽ! ጀልባዋን አታዪም ወይ?»
በግራዬ ያለው ባዶ የታክሲ ተራ ነው፣ የሌሊት ዝናብ ያቆረበት፤
አንዲት የውኃ ላስቲክ፣ ክዳኗ የጠፋ፣ ቀስ ብላ ትዞርበት።

ማዘጋጃ ደርሰን አዞርናት። ወርደው እኔን አስቀመጡኝ።
«ፍሬን አትንኪ» ብለው፣ ጀርባዬን በመዳፋቸው ገፉኝ።

ነፋሱ ሹራቤን ነፋው፤ ጥላዬ ከጎኔ ሮጠ፤
ፎቁ፣ ባንኩ፣ የቆርቆሮ አጥሩ እንደ ዛፍ ረድፍ ፈረጠጠ፤
ጥሩንባ የለም፤ «ዳር ያዢ አንቺ!» የሚል የለም፤
ሆዴ ውስጥ ባዶ የነበረ አንድ ክፍል፣ መስኮቱ ተከፈተ።
አንድ ደቂቃ ከአርባ ሴኮንድ። ቆጥሬዋለሁ።

አምስት ሰዓት። ፖሊሱ ገመዱን ጠቀለለ፤
የመጀመሪያው ሚኒባስ «ሜክሲኮ፣ ሳር ቤት!» እያለ ከተፍ አለ፤
የልጆቹን የጠመኔ ፀሐይ በጎማው ይዟት ሄደ።

ጋሽ አሰግደው ዘግይተው በእግራቸው መጡ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው።
የት እንደደረስን ለማየት ካርታውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ።
ጣታቸው አረንጓዴውን ይዛ ወረደች፤ ማጠፊያው ላይ ቆመች፣
ወረቀቱ ተበልቶ ቀዳዳ የሆነበት፣
የሱሪያቸው ጥቁር ጨርቅ የሚታይበት።
«እዚህ ነን» አሉ።
«ደወሏን ዘይት ቀቢያት።»