ስድስተኛው ቀፎ

ቅዳሜ ጧት ነበር፤ የሞንታና ነፋስ፣
ጣሪያ የሚገፍፍ፣ ኮፍያ የሚያፍስ።
ከባቡሩ ሀዲድ ማዶ አንድ ጣውላ ቆሟል፤
በቀይ ቀለም ተጽፎ፣ "ያባቴ ዕቃ ይሸጣል" ይላል።

እኔ የሄድኩት መጋዝ ፍለጋ ነበር፣
መጋዝም ባይገኝ ጥቅል ሽቦ ላጥር።
ግን ከማንኪያው ክምር፣ ከዛገው ፋኖስ ሥር፣
በሸራ እንደተጠቀለለ፣ ጋደም ብሏል አንድ ስድስት ጎራሽ፤
ቀለሙ ተልጦ አመዳም፣ የእጀታው እንጨት ግማሽ።
ቃታው ላይ በክር የታሰረች ቁራጭ ወረቀት፦ ዘጠና ዶላር።

ልቤ ዘለለ። እንዲህ ያለውን ዕቃ አውቃለሁ፤
ከተማ ውስጥ፣ መስታወት ሥር፣ ሺሕ ሲጠራ ሰምቻለሁ።
ፊቴን ግን አጠቆርኩት፤ ገበያ ያስተማረኝ ዘዴ፣
ሆድ እየጮኸ "ጠገብኩ" ማለት፣ እንደ ለማዳ ነጋዴ።

"ዝጓል" አልኳት።
"ዝጓል" አለች።
"እጀታውም ተሰንጥቋል።"
ነፋሱ ሽበቷን ሲበትነው ዝም ብላ ቆመች።
"ሰባ?"
ሶልቬግ ሃውገን፣ የሟቹ ልጅ፣ ስድሳ ዓመት ቢሆናት፣
እጇን ከጓንቷ አውጥታ ዘረጋች፤ ሌላ ቃል አልወጣት።

ሽጉጡን በካፖርቴ ሸጉጬ፣ ፒክአፔን አስነሥቼ፣
አርባ ማይል እያፏጨሁ ነዳሁ፣ በሃያ ዶላር ትርፍ ሰክሬ፣ ረክቼ።

ማታ ጋዜጣ አነጠፍኩ፤ ዘይት፣ ብሩሽ፣ ጨርቅ አሰለፍኩ።
አምፖሉ ሥር ሳገላብጠው ብረቱ አፍ አወጣ፦
የእጀታው ታች ተቸፋችፏል። ሰው ተመትቶበት አይደለም፤
ቶርቫልድ ሽማግሌው፣ መዶሻውን ቤት የረሳ ዕለት፣
ያጥሩን ምስማር ያጠበቀበት ነው።
ጎኑም ካፎቱ ሲታሽ፣ አርባ ክረምት አብሮት ሲከርም፣
ልሷል እንደ ወንዝ ጠጠር፣ እንደ አሮጌ ሳንቲም።

ቀፎዎቹን ቆጠርኩ። አምስቱን ጥቀርሻ በልቷቸዋል፤
ስድስተኛው ግን ባንዳች ነገር ተወትፏል።
የድሮ ሰው ልማድ ነው፣ አንዷን ቀፎ ባዶ መተው፣
ፈረሱ ሲዘል ባርቆ ጭኑን እንዳይበላው።
አንዳንዱማ የቀብሩን ብር እዚያ ያኖር ነበር ይባላል።
"ብር ነው!" አልኩ፤ ስግብግብ ጣቴ ቸኮለ።
በወረንጦ ጎተትኩት፦ ስስ ወረቀት፣ እንደ ሲጋራ የተጠቀለለ።

በእርሳስ ነው፤ ፊደሉ የጉንዳን መንገድ።

ብሌዝ። እግሩ፣ በፍልፈል ጉድጓድ።
ዱቼስ። ሆድ ቁርጠት፣ ሦስት ሌሊት።
ቶፕሲ። መብረቅ አልጨረሳትም።
ስም ያልወጣላት ውርንጭላ። አንድ ሰዓት ኖረች።
ሽማግሌው ቢል። ዕውር ነበር። ድምፄን ሰምቶ ወደ እኔ መጣ።

ከዚያ በታች፣ እርሳሱ ወረቀቱን ሊቀድድ ተጭኖ፦

ፐርል። ወድቃ ነበር። እስኪመሽ አጠገቧ ቆምኩ። ተነሣች።

ሌላ የለም። የቀረው ነጭ ነው።

ዘይቱን ከደንኩት። ብሩሹን ሳልነካው አደረ።

እሑድ ያንኑ አርባ ማይል ተመለስኩ፣ አሁን ሳላፏጭ።
ጣውላው ወድቋል፤ ጠረጴዛው ባዶ፣ ነፋሱ ያው።
ወረቀቷን ሰጠኋት። መነጽሯን ከደረት ኪሷ አወጣች፤
አንዴ አነበበች፤ ደገመች።
"ፐርልን አስታውሳታለሁ። ትምህርት ቤት የምሄደው በሷ ነበር።
አንድ ቀን አባቴ ራት ሳይቀርብ አመሸ፤
እናቴ ሾርባውን ሦስት ጊዜ አሞቀች።
ሲገባ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ምንም አላለንም።"

ከዚያ ጣቷን የመጨረሻዋ ቃል ላይ አሳረፈች፤
"አንድ ፊደል ጎድሏል፤" አለች፤
"እስኪሞት መጻፍ አልቻለበትም።" ሳቀች፤
ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረ፣ ፊቷን ወደ ሜዳው አዞረች።

እኔም ተሰናበትኩ። መኪናዬ ጋ ስደርስ ትዝ አለኝ፦
ልመልስላት የያዝኳት ሃያ ዶላር፣
እንደ ሸጎጥኳት ኪሴ ውስጥ ነበረች።