ዕድሜ ልክ ዋስትና

ሐሚልተን ላይ ጨው ነው የብረት ነቀርሳ፤
በረዶ ሊያቀልጡ አስፋልት ላይ ሲበትኑት ከርሞ፣
መጋቢት ሲጠባ ማርሚታው ሁሉ ሬሳ፣
ወንፊት ሆኖ ይመጣል፣ በሽቦ ታስሮ፣ እያሳለ፣ ታሞ።

ቀባሪው እኔ ነኝ። ባርተን ጎዳና ላይ፣ ከጎማ ቤቱ ጓሮ፣
የዛገውን ቆርጬ፣ አዲሱን በይጄ፤
በጀርባ ተኝተው የሚገፉት ኑሮ፤
ጣሪያዬ የሰው መኪና፣ መተዳደሪያዬ እጄ።

ዱዋርቴ መጣ አንድ ቀን። ሃያ ሁለት ቢሞላው ነው፤
ዳቦ ጋጋሪ፣ ቅንድቡን ዱቄት ያልለቀቀው።
«የማይዝግ ይሁን» አለኝ፤ «ደግሞ ይሰማ፤
ስመጣ ይወቅ ሰፈሩ፣ ስሄድ ይወቅ ከተማ!»
አላመነታሁም፤ ዘጠኝ መቶ ዶላር ቆጠረ፤
ማፈኛውን አወጣሁት፤ ቱቦው እንደ ፎካሪ ጉሮሮ ተከፍቶ ቀረ።
በአርጎን ሰፋሁት። እንዲህ ያለ ብየዳ!
እንደ ዓሣ ቅርፊት የተነባበረ፣ ወርቅና ሰማያዊ፣ የዓይን ፍሪዳ፤
ከመኪና ሆድ ሥር፣ ማንም አጎንብሶ የማያየው።
ደረሰኙ ላይ «ዕድሜ ልክ ዋስትና» ብዬ ጻፍኩ፤ ኩራት ነው።

የት እንደሚኖር ግን አልጠየቅሁትም።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ከሐዲዱ ማዶ ይነሳል፤
መስኮቱ ቀድሞ ይሰማዋል፣ ጥርሱን ያፋጫል፤
ቀጥሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ማንጠልጠያው ይንሿሿል፤
ከዚያ ልጄ።
ዳቦ ቤቱ ተራራው ላይ ነው፤ አቀበቱን ሲይዝ፣ ገደሉ እየተቀበለ
አንዱን መኪና ሰባት አድርጎ በየቤቱ አደለ።
ሐመልማል ሕፃኗን ትከሻዋ ላይ ጥላ፣
«ይህን የሠራለት ሰው እጁን እሳት ይብላ!»
አለች በጨለማ። እጄን ከብርድ ልብሱ ሥር ከተትኩ፤
እሳት ከበላው ቆይቷል፤ ልነግራት ብዬ ተውኩ።

ደግሞ በጆሮዬ አውቀዋለሁ፤ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ፣ ሦስተኛው ስፌት፣
እዚያ ሲደርስ ድምፁ ይጠራል፤ አንዲት ቀዳዳ የለበት።
እግዜር ይቅር ይበለኝ፤
ከልጄ ለቅሶ በፊት እሱን ነው የምሰማው።

ሰኔ ላይ ጎረቤታችን ሃሊና የፊርማ ወረቀት ይዛ አንኳኳች፤
«ለማዘጋጃ ቤት ነው።» ሐመልማል ፈርማ እስክሪብቶውን ለኔ ሰጠች።
ፈረምኩ። አውራ ጣቴ ወረቀቱ ላይ ጥላሸት ጣለ፤
ሃሊና አሻራውን አየች፣ እኔን አየች፤ ምንም አልተባለ።

በሳምንቱ ዱዋርቴ መጣ፣ የቅጣት ወረቀት ይዞ፣ ዓይኑን ሰብሮ፤
«ትንሽ ዝግ አድርግልኝ» አለ፣ ያ ሁሉ ፉከራ ተቀብሮ።
የማይዝግ ብረት እንዴት ዝግ ይላል? ሳቄን ዋጥኩ፤
በየትኛው ቋንቋ ላስረዳው? ክሪኩን ሰቅዬ ከሥሩ ተንጋለልኩ።
ያን ስፌት ቆረጥኩት። መጋዙ ሲጮህ የጮኽኩት እኔ መሰለኝ።
ማፈኛ አስገባሁ። ሌላ ደረሰኝ ጻፍኩ፤
«ቱቦው ስለተነካ ዋስትናው ፈርሷል።»

አሁን ቤቱ ተኝቷል። ሐመልማል ታንኮራፋለች፣ ልጄ ጡጦዋን ለቃለች፤
ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንዲት መኪና በእግር ጣቷ ተራራ ትወጣለች።
እኔ ነቅቼ፣ በጨለማ፣ የሌለ ስፌት አዳምጣለሁ፤
ዋስትናው ፈርሶ፣ ዕድሜ ልኩን ታቅፌ ቀርቻለሁ።