ድምፅ ቀጂው

ኦስትራቫ፣ ጥቀርሻ የጠገበ ግንብ፣ አሮጌው ሲኒማ ቤት፤
የድራሆሚራ ሰባት ፊልሞች ከረፋድ እስከ ሌሊት።
ድምፅ ቀጂዋ ነበርኩ፤ ሃያ ሁለት ዓመት
ማይክሮፎን ተሸክሜ፣ የሰው ትንፋሽ ስሸምት።

እስር ቤት የተወለደ፣ በቁጥር የተጠራ ልጅ፣
ዕዳ አስከፋይ ያሸገው ደጅ፣
ሞቱን በቀጠሮ የለመነ የከሰል ቆፋሪ እጅ፤
ያ ልጁን የካደው ቄስማ ሊከሳት ዝቶ ነበር፣
ሲከርም ግን ቆሞ ታየ፣ በዝናብ፣ ከልጁ በር።

ጥበቧ ዝምታ ነው፤ አንድ ጠይቃ ዝም ትላለች፤
ካሜራው ይዞራል፣ እሷ ጥፍሯን ታያለች፣
ሰውየው ባዶው ከብዶት ያልተጠየቀውን እስኪያወጣ።

ዛሬ መብራት ሲበራ፣ ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ፤
ቦዠና ናት፣ የዚያ የእስር ቤቱ ሕፃን እናት፤
«ያን ቀን እኮ ስቄም ነበር። ሳቄን የት ጣልሽብኝ?» አለቻት።

ድራሆሚራ ዝም አለች።
ይህኛው ዝምታ ጥበብ አልነበረም።

እኔ አውቃለሁ የት እንዳለ፤ ምድር ቤት፣ ጥቅል አርባ ሦስት፤
አሥራ አንድ ሰከንድ ሳቅ፣
«ሐዘኑን ያቀልብናል» ብላኝ በምላጭ የቆረጥኩት።

ከመቀመጫዬ አልተነሣሁ፤ እጄን አላወጣሁ፤
ቀዳሁ፣ ቀዳሁ እንጂ መቼ ላንድ ሰው አጠጣሁ።