የታማው ነፋስ

በፓታጎንያ ምድር ጥፋት ሲጠፋበት ባለቤቱ፣
ነፋስ ነው ይባላል፤ እሱ እንደሁ አይቀርብም ለሙግቱ።
ቆርቆሮ ቢገነጠል፣ በግ ከመንጋ ብትጠፋ፣
ደብዳቤ ቢዘገይ፣ የሰው ጠባይ ቢከፋ፣
ነፋስ ነው።

አባቴ ኤባሪስቶም ሃያ ዓመት እንዲህ አለ፤
የሰባ አራቱ ፎርድ ፒካፕ ወደ ቦዩ እየዋለለ፣
መሪው እንደ ሰካራም ምላስ በእጁ እየተንከባለለ።
ሦስት ጣት ወደ ግራ ቢያዞረው ጎማው አይሰማም፤
ሦስት ጣት ወደ ቀኝ ቢመልሰው
«ማን ጠራኝ?» ይላል እንጂ አይስማማም።

ሱፍ ሲጫን እናቴ ኔሊዳ ናት የምትነዳ፣
ኤስኬል ድረስ ዘጠና ኪሎሜትር፣ ጠጠርና ሜዳ።
«ኤባሪስቶ፣ ይቺ መኪና ልቧ ሌላ ነው» ትለዋለች፤
«ነፋስ ነው» ይላታል።
ዝም ትላለች።
ዝምታዋ ማመን አልነበረም፤ ቀን ትጠብቃለች።

በግንቦት አንድ ማለዳ ነፋሱ ቆመ።
እንዲያው ቆመ፤ እንደ ተረሳ፣ እንደ ታመመ።
የጎረቤታችን የሴግንዲኖ ጭስ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ፤
እናቴ ቁልፉን አንስታ «እንሂድ» አለች፣ ያለ ቁጣ።
እኔ መሐላቸው ተቀመጥኩ።

መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ሰማዩ የታጠበ ብርጭቆ፤
ፎርዱ ግን ወደ ቦዩ አዘነበለ፣
እንደ ለመደ በሬ ውኃውን አውቆ።
እናቴ ምንም አልተናገረች። መስኮቱን ከፈተች፣
መዳፏን በረጋው አየር ላይ ዘረጋች።
አባቴ አየ። ጆሮው ቀላ።
ምስክር ቢሉ ከዚያ ባዶ መዳፍ ወዲያ የለም ሌላ።

ከሰዓት በኋላ ካቻቪቴ ይዞ ስካቶላው ላይ ወጣ፤
የላዩን ብሎን አጠበቀ፤ ግማሽ ዙር፣ ደግሞ ግማሽ፣ በቁጣ።
መሪው ጠበቀ በእርግጥ፤ እንደ ተኳረፈ ጎረቤት ጠበቀ፣
ኩርባ ላይ ከገባ መመለስን ካደ፤ እዚያው ደረቀ።
«ሕመሙ እግሯ ላይ ሆኖ አንተ ራሷን ታስራለህ» አለች፤
ብሎኑን ወደ ነበረበት መልሳ፣ ጆንያ አንጥፋ ከሥር ገባች።

«አንተ ልጅ፣ ሞተር ሳታስነሳ መሪውን ያዝ፤
ትንሽ ግራ፣ ትንሽ ቀኝ። ቀስ። እንደ ማባበል።»
ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ እግሬ ፔዳል ላይ አይደርስም።
እኔ ከላይ ስነቀንቅ እሷ ከታች
መገጣጠሚያውን አንድ በአንድ ትጨብጣለች፣
ወሬ የት ላይ እንደ ተዛባ ቤት ለቤት እንደምታጣራ ሴት።
«ዘንጉ ሰምቷል። ስካቶላው ሰምቷል። ክንዱም ሰማ።
ድገም።» ቂው።
«አሃ። ቃሉ እዚህ ጋ ነው የሚቀማ።»
የግራው ቴስቲና፤ ላስቲኩ ተቀዶ፣ ግራሶው አሸዋ ጠጥቶ፣
ኳሱ በጉድጓዱ ውስጥ እንደ ወተት ጥርስ ላልቶ።

በክሪክ አነሱት። ዳዶው ተፈታ፤ ቴስቲናው ግን እምቢ አለ፣
ከዝገቱ ጋር ተማምሎ በቀዳዳው ተቸከለ።
አባቴ አንድ መዶሻ፣ እናቴ አንድ፤ ከዚህና ከዚያ፣ እኩል፤
ዱብ።
ከዘንጉ ሲፈታ ዙሩን ቆጠረች፤ አሥራ ሰባት ተኩል።
በጠመኔ በሩ ላይ ጻፈችው።

አዲሱ ከትሬሌው በአውቶቡስ እስኪመጣ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ።
ፎርዱ በግንድ ላይ ቆሞ ከረመ፤
አንዲት ዶሮ ከሥሩ እንቁላል ጣለች፤
አባቴም በየማለዳው ይወጣል፣ ሰማይ ያያል፣ ይገባል።

አሥራ ሰባት ዙር ተኩል አስገቡት፤ እንደ ቁጥሩ፣ እንደ ጠመኔው።
መቆለፊያ ሽቦውን ያጠፈው አባቴ ነው።
ሁለት ጊዜ አጠፈ፤
ይቅርታ መሆኑ ገባኝ፣ በአፉ ግን አላለፈ።

ሐሙስ ነፋሱ ተመለሰ፣ ጠጠር እየበተነ፤
ፎርዱ በትከሻው ገፋ ተደረገ፣ ወዲያው ግን ቀና ሆነ።
«ነፋስ የሚባለው ይኸው ብቻ ነው?» አለ አባቴ።

እጆቹ ግን ገና አልሰሙም።
ሦስት ጣት ወደ ግራ፣ ሦስት ጣት ወደ ቀኝ፣
የሌለውን ልልነት ሲያርሙ፣ የዳነችውን መኪና
እነሱ ያዋልሏት ነበር በቀናው ጎዳና።
እናቴ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች፤
«ነፋስ ነው» አለች።